ከየቡ የመጣው ጣሳ

ባሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጣቱ ላይ ጭኮ ይዞ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እየሳቀበት ነው። እሱ ይህን አጀማመሬን አይወደውም። ከሌላ ቦታ ጀምሪ ይለኛል። ከሌላ ቦታ ብጀምር ግን የሚያዳምጠኝ ሰው አይኖርም። ስለዚህ እናንተ ከእኔው ስሙና ፍርዱን ለራሳችሁ ያዙት።

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ሲኒማ ቤት ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ሞባይልና የፕላስቲክ ጫማ የሚሸጥበት ፎቅ ቆሟል። ልጆቼን "እዚህ ጋ ነበር" ስላቸው ፎቁን ቀና ብለው ያዩና መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሲኒማ ቤቱ የወግ ስም ነበረው፤ በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሁሉም ሰው "ቆርቆሮው" ነበር የሚለው። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ሲጀምር ፊልም ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ብቻ ይከፍታል፣ ድምፅ የለም። ቅር የሚለው ግን አልነበረም። ፊልሙ የህንድ ነው፣ ቢሰማም አይገባንም ነበር።

ወንዶች ታች ይቀመጣሉ። ሴቶች ላይ፣ ከእንጨት በተሠራው ሰገነት፣ ከመጋረጃ ኋላ ነን። እሁድ ከሰዓት ያቺ ሰገነት ላይ ቦታ ለማግኘት ከጁምዓ ጀምሮ ነበር የምንዘጋጀው።

አባቴ አባ ቢያ አናጢ ነበር። የቆርቆሮውን ትልቁን በር የሠራው እሱ ነው፤ አልፎት ግን አያውቅም። እኔ በር እሠራለሁ፣ ከበሩ ወዲያ የሚደረገውን ባለቤቶቹ ይወቁት ይል ነበር። ለእኔማ ሲኒማ ጨርሶ ክልክል ነው። እሁድ እሁድ ቀበሌ ሄዳ ስፌት ትማራለች ተብሎ ነው የሚታወቀው። ስመለስ "ስፌቱ እንዴት ነበር?" ይለኛል፣ "ደህና ነበር አባ" እለዋለሁ። እስከ ዛሬ ቁልፍ መትከል አልችልም።

እንዲህ እያልኩ ስኖር ሽማግሌ መጣ። ልጁ የየቡ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ደህና ቡና አለው፣ እሱ ራሱ የማመላለሻ ሥራ ላይ ነው አሉ። ምን እንደሚያመላልስ አባቴም አልጠየቀ፣ እነሱም አልተናገሩ። አባቴ ለሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብሎ ሸኛቸው። እኔ ወዲያው አህያ የሚነዳ፣ በበጋም ካፖርት የማያወልቅ ሰው ታየኝ። እውነቱን ልናገርና የጠላሁት ሰውየውን አልነበረም፣ አላውቀውማ። የጠላሁት የቡን ነበር። የቡ ከገባሁ እሁድ ቀረ፣ ቆርቆሮው ቀረ፣ ዘሃራ ጓደኛዬ ቀረች። ለእናቴ አልፈልግም አልኳት። እናቴም ለእኔ ሳይሆን ሰኞ አባትሽ ፊት ተናገሪ፣ እሱ ሳይጠይቅሽ አይሰጥሽም አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ "አልፈልግም" የሚለውን ቃል ስለማመድ ሰነበትኩ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ በዋዜማው፣ እሁድ እኩለ ቀን ገደማ፣ ጅማ የምትኖር የልጁ አክስት ከየቡ የተላከ ስጦታ ይዛ መጣች። ክብ፣ ጠፍጣፋ ጣሳ ነው፣ በቀይ ክር ዙሪያውን ታስሯል። እናትየው ለአማቾቼ ብለው በእጃቸው ያሹት ጭኮ ነው አለች። ጭኮ የማታውቁ ካላችሁ፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ ታሽቶ የሚዘጋጅ የክብር ምግብ ነው። እጄን ወደ ክሩ ስሰድ እናቴ መታ አደረገችኝ።

"ይሄ የአማች ዕቃ ነው" አለችኝ። "ክሩ እንደታሰረ ከሆነ በክብር እንመልሰዋለን። ከተፈታ ግን እሺ ብለናል ማለት ነው።"

ጣሳውን ከፍ አድርጋ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። እኔም ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ስጦታ በእንዲህ ያለ አስቀያሚ ዕቃ ይላካል እንዴ እያልኩ ወደ "ስፌቴ" ሄድኩ።

የዚያን ቀን ፊልም ስሙ ጠፍቶኛል፣ ታሪኩ ግን አልጠፋኝም። የሀብታም ልጅ ናት፣ ጋሪ ነጂ ወደደች። አባቷ በሩን እያሳየ ተቆጣት። ህንድኛ ባንችልም፣ ከወጣሽ ይህን በር ደግመሽ አታይውም እንዳላት ለመረዳት ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገው። ሄደች። ጋሪ ነጂው ታመመ፣ ሞተ። እሷ ሕፃን አዝላ በዝናብ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። በሩ ፊት ቆመች። እጇን አነሳች። ልታንኳኳ ስትል ሸራው ነጭ ሆነ።

የመጨረሻው የፊልም ጥቅል ሊገባ ነው ብለን ታገስን። ማሽኑ ያለበት ክፍል ከእኛ ጀርባ ስለነበር ጉዱን መጀመሪያ ያወቅነው ሴቶቹ ነን፣ በአፍንጫችን። የቅመም ቅቤ ሸተተን። ዘሃራ ሰውየው ምሳውን አሁን ነው እንዴ የሚበላው አለች። ወዲያው ማሽኑን የሚያሠራው ጋሽ ታዬ የተከፈተ ጣሳ በሁለት እጁ ይዞ ወጣና በሰገነቱ ደረጃ ወረደ። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ይከተለዋል። ልጁ መብራት ሥር ሲደርስ ጣቱን ጣሳው ውስጥ ሰደደ፣ ቀመሰ፣ ፊቱም ተለዋወጠ።

"የእናቴ ነው" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት የቀበሌው ጓድ ሊቀመንበር ብቻ ነበሩ። ቆርቆሮው በዚያን ጊዜ የቀበሌው ነበርና፣ እሳቸው ከክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶቻቸውን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ነበር። ልጁን ሸራው ፊት አቁመው ፊልሙ የት ነው አሉት።

ልጁ ረጋ ብሎ አስረዳ። ፊልሙ ቅዳሜ አጋሮ ይታያል፣ እሁድ ጠዋት እሱ በአውቶቡስ ወደ ጅማ ያመጣዋል፣ ሥራው ይኸው ነው። ጠዋት ሲመጣ የቡ ላይ እናቱ አንድ ጣሳ ጭኮ በቀይ ክር አስረው ሰጡት። ጉንዳን አያስገባም ብለው ጭኮ የሚያስቀምጡት እሱ በሰጣቸው አሮጌ የፊልም ጣሳ ነው። ኬላ ላይ ደግሞ ፈታሾቹ እንደተለመደው ቡና የደበቀ አለ ብለው የሁሉንም ዕቃ ዘረገፉ። እሱ ራሱ ሰልፍ ላይ እየተፈተሸ ሳለ ጣሳዎቹን ሁሉ ከፍተው መልሰው አሰሩ። ቀዩን ክር ያሰሩት በየትኛው ላይ እንደሆነ ግን አላየም።

እዚህ ጋ ላቋርጥና፣ የፊልምና የጭኮ ክብደት እንዴት አልለይህም እያልኩ እስከ ዛሬ እጠይቀዋለሁ። ያን ቀን ስለ ሰኞ ነበር የማስበው ይለኛል። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኼ ነው።

ጓድ ሊቀመንበር ቀልድ ባይወዱም ሞኝ አልነበሩም። ጭኮው እዚህ ካለ ፊልሙ ጭኮው ሊሄድበት ወደነበረው ቦታ ሄዷል አሉ።

"የት ነው የላክኸው?"

"ሰው ቤት።"

"የማን ቤት?"

ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ።

እኔ ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። የቡ፣ እናት፣ ጭኮ፣ ቀይ ክር፣ ያ አስቀያሚ ጣሳ። አህያ ነጂዬ ይኸው ነው። የሚያመላልሰውም ፊልም ነው! ዘሃራም ገባትና ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየብኝ።

ዝም ያለበትም ምክንያት ገባኝ። የአባ ቢያ ቤት ብሎ ቢናገር በዚያች ደቂቃ ይለቁት ነበር። ግን ገና እሺ ወዳላለው አማቹ ቤት የቀበሌ ጥበቃ ጠብመንጃ ይዞ ለፍተሻ ሊገባ ነው። የእኛን ቤት ስም ላለመጥራት እሱ ዝም አለ።

"ንብረቱ የመንግሥት ነው" አሉ ጓድ ሊቀመንበር። "ቀበሌ ስታድር ታስታውሰዋለህ።"

ሳቁ ቆመ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሌሊት ብሎ ቀበሌ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም። የጎረቤታችን ልጅ እንዲሁ እንደገባ ቀርቶ ነበር። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ጭኮ ደጋግሞ በሱሪው ጠረገ።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፈር ያሉ ሰው፣ ቢያንስ ልጅቷ አንኳኳች ወይስ አላንኳኳችም የሚለውን እንወቅ አሉ። ጓድ ሊቀመንበር ፊልሙን አይተኸዋል ወይ አሉት። ትናንት አጋሮ አይቼዋለሁ አለ። እንግዲያው ጨርስላቸውና እንሄዳለን አሉት።

አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ እያደረገ ጨረሰልን። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣም ነበር፣ ኋላ ግን ቀበሌውን ረሳን፣ እሱም ረሳ። አንኳኳች አለ። መልስ የለም። ደግማ አንኳኳች። ውስጥ አባትየው ፋኖስ አብርቶ ብቻውን ተቀምጧል። የሕፃኑን ልቅሶ ሰማ። ተነሳ፣ በሩ ዘንድ ሄደ፣ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አኖረ። እዚያ ላይ ልጁ ዝም ብሎ ቆመ፣ እኛም አብረነው ቆምን።

"ከዚያ ከፈተላት" አለ። "ልጄ፣ ዝናብ መትቶሻል፣ ግቢ አላት።"

ሰገነቱ ላይ ያላለቀሰች ሴት አልነበረችም። እኔም አለቀስኩ። ታች ያሉት ወንዶች ሁሉ አንድ ላይ ጉንፋን ያዛቸው።

ሁለት ጥበቃዎች ልጁን ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። ብናገር አባቴ ሲኒማ ቤት መዋሌን ሊያውቅ ነው፤ ከዚያም በላይ ላየው የማይገባኝን ሰው ሳየው መዋሌን ከተማው ሊያወራ ነው። ዝም ብል ደግሞ ሰኞ እምቢ የምለው ሰው አይኖርም፣ ቀበሌ ነዋ። ሳምንት ሙሉ ልገላገለው ስመኝ የሰነበትኩትን ሰው ሊወስዱልኝ ሲሉ ተነሳሁ። ዘሃራ ቀሚሴን ይዛ ወደ ታች ትጎትተኛለች።

"ጣሳው እኛ ቤት ነው" አልኩ።

ጓድ ሊቀመንበር ቀና ብለው አንቺ የማነሽ አሉ። የአናጢው የአባ ቢያ ልጅ ነኝ አልኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አንገቱን ደፋ። ያየው መጋረጃውን ነው። ዓይንሽን አይቼው ነበር እያለ ግን ዛሬም ይዋሻል።

ወደ ቤታችን ስንሄድ ፊት ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀጥሎ በጥበቃ የተያዘው ልጅ፣ ኋላው እንግዶቹ፣ ከእነሱ ኋላ የአዳራሹ ሰው፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፣ የዚያ ዓመት መስከረም በደንብ ጠብቶ ነበር። አባቴ ደጃፍ ላይ ሳንቃ እየላገ ነበር። ሕዝቡን ሲያይ ምን ተቃጠለ አለ። ጓድ ሊቀመንበር ነገሩን ሲያስረዱት ሴት ልጁ ሲኒማ ቤት መዋሏን፣ ሊድራት ያሰበው ሰው የሚያመላልሰው ፊልም መሆኑን፣ የመንግሥት ንብረትም መደርደሪያው ላይ መቀመጡን በአንድ ትንፋሽ ሰማ። መላጊያውን አስቀመጠ። እኔን አላየኝም።

እናቴ ጣሳውን በደረቷ ታቅፋ ወጣች።

"ይሄ ክር ከተፈታ ልጄን ሰጠሁ ማለት ነው" አለች። "ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ልጄ ሳትጠየቅ አልፈታም። ከፈለጋችሁ እኔን እሰሩኝ።"

ጓድ ሊቀመንበር የጅማ ሰው ናቸው፣ ደንቡን ያውቃሉ። በስብሰባ ላይ ማንንም የማይፈሩት ሰውዬ የእናቴን ቀይ ክር ፈሩና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። ያን ጊዜ ልጁ ተናገረ። "እማማ፣ አይፍቱት። እኔ ቀበሌ እሄዳለሁ" አለ።

አባቴ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ሕዝቡን አሳልፎ ወደ እኔ ዞረ። ቤት ውስጥ በምንነጋገርበት በኦሮምኛ፣ በቀስታ ጠየቀኝ።

"ሃ በነሙ?"

ይከፈት ወይ ማለቱ ነው። ጣሳውን ብቻ እንዳልጠየቀኝ እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ልጁ አላየኝም፣ አንገቱን እንደደፋ ነው። ሱሪው ላይ የእናቱ ጭኮ ነበር።

"ሃ በነሙ" አልኩ።

እናቴ ክሩን ፈታች። ክዳኑ ሲነሳ ጥቁር የፊልም ጥቅል ብቅ አለ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ጓድ ሊቀመንበር እልልታው ለእሳቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሱ። ጥበቃዎቹም የልጁን ክንድ ለቀቁ።

አባቴ ግን አልጨረሰም። ማመላለሻ ማለት ይሄ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አባ፣ ይኸው ነው አለ ልጁ። የጎደለውን ምን ብለህ ሞላህላቸው አለው። ልጁ ነገረው።

"ልጄን የምሰጠው ሰው የሚያወራው እውነት መሆኑን ማወቅ አለብኝ" አለ አባቴ። እጁን ታጠበ፣ ኮፍያውን አደረገና ከሕዝቡ ጋር ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ራሱ የሠራው በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ማጠፊያውን ወዘወዘ፣ ዘይት ያስፈልገዋል አለ፣ ከዚያ ቢስሚላሂ ብሎ ገባ። ፊት ወንበር ላይ፣ ከወፍራሙ እንግዳ አጠገብ አስቀመጡት። እኔም የሆነው ሆኗል ብዬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ።

ልጅቷ አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ውስጥ አባትየው ፋኖስ አብርቶ ተቀምጧል። ተነሳ፣ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አኖረ፣ ብዙ ቆመ። እስከዚህ ድረስ ልጁ እንደነገረን ነው። ከዚያ አባትየው በሩን ቀረቀረውና ፋኖሱን አጠፋ። ፊልሙ አለቀ።

መብራት ሲበራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ አባቴን አየ።

"ዋሽተሃል" አለ አባቴ።

"አዎ አባ፣ ዋሽቻለሁ።"

"ለምን?"

"ትናንት አጋሮ ላይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ አየሁ" አለ ልጁ። "በእኔ አፍ እንዲያ አድርጌ ልሰዳቸው ከበደኝ።"

አባቴ ኮፍያውን አስተካከለ። ቆይቶ ያ በር ካርቶን ነው፣ ሲዘጋ ድምፁን ሰምቼዋለሁ አለ። ከወንበሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ወደ ልጁ ዞር አለ።

"ያንተው ይሻላል" አለውና ወጣ።

እኔ ግን ቤት ለመግባት ፈራሁ። ዘሃራ ቤት ተደበቅኩ። ዝናቡ መጣ፣ መሸ፣ የዘሃራ እናት ሂጂ እንጂ ብለው እስኪያስወጡኝ ድረስ ቆየሁ። አባቴ መግሪብ ከሰገደ በኋላ በር ክፍት አያሳድርም። እየበሰበስኩ ወደ ቤት ስደርስ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋስ እንዳይዘጋው በርጩማ ተደግፎበታል። ዝናቡ አባቴ በእጁ የሠራውን የበር ደፍ እየመታው፣ እንጨት ሲረጥብ የማይወደው እሱ ውስጥ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል።

"ዝናብ መትቶሻል፣ ግቢ" አለኝ።

ገባሁ። በሩን ራሴ ዘጋሁት። ስፌቱ እንዴት ነበር አለኝ። ደህና ነበር አባ አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ስፌት ጠይቆኝ አያውቅም።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ የተዘጋጁበትን ንግግር ይዘው መጥተው ነገሩ አልቆ ሲያገኙት ተቀየሙ። ጋሽ ታዬ በመለሰው ጭኮ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ከላይ ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ ጋሽ ታዬ ማሽኑን እያሠራ ሲመረምረው ነው ያመሸው።

አድማጮቼ፣ የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ሲባል ሰምታችኋል። እኔን ነስሩ ወረሰኝ፣ ስሙ ነስሩ ነው። የቡም ገባሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አጋሮ፣ እሁድ እሁድ ጅማ፣ ከጣሳዎቹ ጋር አብሬ ስመላለስ ካገሬው ሴት ሁሉ ብዙ ፊልም ያየሁ እኔ ነኝ። ኬላው ላይ ክሩን የማስረው እኔ ሆንኩ። ቪዲዮ ቤት ሲበዛ ቆርቆሮው ሰው አጣ፣ ኋላም ፈረሰ። የፈረሰ ቀን ነስሩ አለቀሰ፤ ጉንፋን ነው ብሎኛል። እናንተ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለልጃችሁ የመጣውን ሰው ሥራና ዘር ጠይቁ፣ መልካም ነው። ግን መጨረሻውን የማያውቀውን ወይም መጨረሻው ያሳዘነውን አንድ ታሪክ ስጡትና እንዴት እንደሚጨርሰው ስሙ። እኔ ያን ቀን የሰማሁት ድምፅ ነው እስከ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ያለው። አንዳንዴ እየዋሸ፣ ሁልጊዜ በሩን እየከፈተ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊልም አላየም። ያችኑ አንዷን ግን እስኪሞት ድረስ ለሰው ያወራት ነበር፤ ለደንበኞቹ ሳንቃ እየላገ፣ ለልጆቼ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። አባትየው መቀርቀሪያው ላይ ብዙ እንደቆመ ይነግራቸዋል። ልጆቼ ከዚያስ ይሉታል። በሩ ሲቀረቀር በዓይኑ አይቷል፣ ግን አንድም ቀን እንዳየው አድርጎ አልተናገረም።

"ከዚያማ ከፈተላት" ይላቸው ነበር።